ቦርሳውን ማን ይያዘው?

በኛ ትምህርት ክፍል የካሜራ ዕቃ የሚዋስ ተማሪ ቅጽ ይሞላል። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ባትሪ፣ ትራይፖድ፣ ማይክ እያለ ይወርድና መጨረሻው አካባቢ «ቦርሳ» የሚል መስመር አለ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈርም በዚያ መስመር ላይ የተጻፈው «1 (አንድ)፣ ዚፑ አይዘጋም» ይል ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ካሜራውን አደራ። ቦርሳው እንደሆነ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል» አሉኝ። ሳቅን። ፈረምኩ።

እዚህ ትምህርት ክፍል ስለ ካሜራ ብዙ እንማራለን። አይሪሱን፣ ሹተሩን፣ ዋይት ባላንሱን መምህራኖቻችን እስኪሰለቻቸው አስተምረውናል። ካሜራው ከግምጃ ቤቱ በር ወጥቶ ቀረጻው ቦታ እስኪደርስ በምን ይሂድ፣ በማንስ ጀርባ ይሂድ የሚለው ግን በየትኛውም ኮርስ ውስጥ የለም። ቦርሳ ደግሞ ምን ትምህርት ይሻል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ያን ጊዜ የተዋስነው በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል፣ ጥቁር፣ ሣጥን የመሰለ ቦርሳ ነው። እንዲህ ያለው ቦርሳ ለዜና ሰው የተሠራ ነው። ከመኪና ወርዶ፣ ሃያ ሜትር ተራምዶ፣ ከላይ ከፍቶ፣ ካሜራውን እንደተገጣጠመ መዝዞ ለሚቀርጽ ሰው እስከ ዛሬም የሚወዳደረው የለም። እኛ ግን መኪና የለንም። ሁለት ታክሲ ይዘን፣ አውቶቡስ ተራ ወርደን፣ በሰው መሀል እየተጋፋን ስንሄድ የማንገቻው መንጠቆ ለቀቀ። አስፋልቱን ሲመታ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሦስታችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን። አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ብቻ «ውይ! እንቁላል ነው?» አሉ።

ካሜራው ተረፈ። የሌንሱ ኮፍያ ተሰነጠቀ፣ የማይኩ መያዣ ተሰበረ። ስለ አደጋው በሦስት ቅጂ ሪፖርት ጻፍን፤ ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተንም ከፈልን። ከክፍያው ይልቅ የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ቦርሳው ሲወድቅ በኔ ትከሻ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኔ ልጆች፣ በቅንነት እኮ ነው፣ «አንቺ ተዪው፣ ከባድ ነው፣ እኔ ልያዘው» ማለት ጀመሩ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ መቼም ሸክም የሚወድ የለም። ከሁለት ቀረጻ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቦርሳውን የያዘ ሰው ይከፍተዋል። የከፈተው ሰው ካሜራውን ያወጣል። ያወጣው ይገጣጥመዋል፤ የገጣጠመውም ዓይኑን ቪውፋይንደሩ ላይ አድርጎ «እሺ፣ ዝግጁ ነኝ» ይላል። ማንም «አንቺ አትቀርጪም» ያለኝ የለም። እኔ ግን በዚያ መንፈቅ በእጄ የነበረው ማስታወሻ ደብተርና ክላፐር ብቻ ነው። ፕሮዳክሽን የመረጥኩት ካሜራ ለመያዝ ነበር። ቤተሰቦቼ «ይሄ የወንድ ሥራ አይደለም ወይ?» ሲሉኝ የተከራከርኩትም ለዚሁ ነበር። የተሸነፍኩት በክርክር አለመሆኑ ነው ያናደደኝ። በአንድ መንጠቆ ተሸነፍኩ።

ስለዚህ ቦርሳ ፍለጋ ወጣሁ።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከሚዛን ነው። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ዘርግተው ሰው የሚመዝኑ ልጆች አሉ አይደል? ከነሙሉ ዕቃው ወጣሁበት፤ 66 ኪሎ። ዕቃውን አውርጄ ወጣሁበት፤ 52። ሚዛን ጠባቂው ልጅ ግራ ገብቶት «እህቴ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የምትከፍይው» አለኝ። ከፈልኩ። 14 ኪሎ ማለት ከራሴ ክብደት ሩብ በላይ ነው። የት የት እንደሚሄድም ቆጠርኩት። የክፍላችን ካሜራ ሶኒ ኤፍ ኤስ 7 ነው፤ ገላው ብቻውን 2 ኪሎ ገደማ፣ ከ28 እስከ 135 የሚሄደው ሌንሱ 1.2 ኪሎ። ትራይፖዱ ከነጭንቅላቱ 5 ኪሎ። ቀሪው ባትሪ፣ ቻርጀር፣ የማይክ ዕቃ፣ ትንሽ መብራት፣ ኬብልና ቦርሳው ራሱ ነው። አስተውሉ፤ ሁላችንም የምንፈራለት ካሜራ ከሌንሱ ጋር ከሸክሙ ሩብ እንኳ አይሞላም። ጀርባ የሚሰብረው ሌላው ነው።

በኋላ ሱቅ ዞርኩ። ቦሌ አካባቢ ካሉት የካሜራ ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ጋ ገባሁ፤ ሻጩ ባዶውን ቦርሳ ጀርባዬ ላይ አድርጎ መስታወት ፊት አቆመኝ። «ያምርብሻል!» አለኝ። ባዶ ቦርሳ ለማን አያምርበትም? «ክብደት አድርግበት» ብለው እንደ እብድ አየኝ። ከብዙ ልመና በኋላ ስድስት ትልልቅ የውሃ ላስቲክ ጨመረበት። ያኔ ጉዱ ወጣ። የወገቡ ቀበቶ ወገቤን አልፎ ጭኔ ላይ ተንጠለጠለ፣ ማንገቻዎቹ አንገቴን ያዙት፣ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ለአጫጭሮቻችን ይጠቅማል። ከባድ የጀርባ ቦርሳ ላይ ያለ የወገብ ቀበቶ ለጌጥ አልተሠራም። ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ በትክክል ካረፈ አብዛኛው ክብደት ወደ እግር ይወርዳል፤ ማንገቻዎቹ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይዘው ማቆየት ብቻ ነው ሥራቸው። ቀበቶው ያለ ቦታው ካረፈ ግን ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መለካት ያለበት ከአንገት ሥር ጎልታ ከምትታየው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ያለው ርቀት ነው። የኔ በልብስ ሰፊ ሜትር 43 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሱቁ ቦርሳ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ለሆነ ሰው የተሰፋ ይመስላል። ለማንኛውም፣ ቢስማማኝስ? ዋጋው ከአባቴ የሦስት ወር ጡረታ በላይ ነው።

ሌሎቹንም ዓይነቶች አየሁ። ጎማ ያለው ሻንጣ ለአየር ማረፊያና ለሆቴል ወለል ነው፤ የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ አንድ ጊዜ ጎትቼ ድምፁን ሰምቼ ተውኩት። ፔሊካን የሚባለው ጠንካራ ሣጥን ውሃ አያስገባም፣ ቢወድቅም ደህና ነው፤ ግን በአውሮፕላን ካቢን የሚገባው መጠን እንኳ ባዶውን አምስት ኪሎ ያልፋል፣ ጀርባ ላይም አይታዘልም። (በአውሮፕላን ለምትሄዱ፦ የአየር መንገዳችን የኢኮኖሚ ተሳፋሪ በእጅ የሚይዘው ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ወደ ታች ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ከናንተ ጋር ነው የሚሄደው። የኛ ባትሪ 56 ዋት አወር ነው፤ እስከ 100 ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል።)

የፎቶ ካሜራ ቦርሳዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ክፍልፋያቸው ለትንሽ ካሜራና ለአራት ሌንስ የተመተረ ነው። የኛ ካሜራ ከነእጀታው፣ ከነቪውፋይንደሩና ከነቀኝ እጅ መያዣው ረጅም ነው፤ ካልተፈታታ አይገባም። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፦ ፈታትቶ የገባውን ካሜራ አውጥቶ ለቀረጻ እስከማድረስ አራት ደቂቃ። አራት ደቂቃ ለቃለ መጠይቅ ምንም አይደለም። ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ግን ብዙ ነው። ይህን በኋላ በደንብ ተምሬዋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለሦስተኛ ዓመት ዘጋቢ ፊልማችን ወደ ጨንቻ ሄድን። ከቡድናችን አንዱ የአርባ ምንጭ ልጅ ስለሆነ ማደሪያ አላጣንም። የመረጥነው ርዕስ ሸክላ ሠሪ እናቶች ነበር። ጨንቻ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው የዶርዜን ሽመና ነው፤ ሽመናውን ደግሞ ሁሉም ቀርጾታል። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን በአካባቢው ለረጅም ዘመን ተለይተው፣ ከሌላው ጋር ሳይጋቡ የኖሩ ናቸው። የሠሩት ማሰሮ በየቤቱ አለ፤ እነሱ ግን በየቤቱ አይጋበዙም ነበር። ፊልሙ ስለዚህ ነበር የታሰበው።

ቦርሳው አሁንም የኔ አይደለም። ከአንድ ፎቶ አንሺ የተዋስነውን ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ከቡድናችን ረጅሙ ልጅ ነው የተሸከመው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አሥራ አራት ኪሎ ተሸክሞ ያንን ዳገት ሲወጣ አንድ ቀን አላማረረም። ስለ እሱ አንዳች ክፉ ነገር ለመጻፍ አይደለም የተነሣሁት።

የገበያ ዋዜማ ማታ እናትየው ማሰሮዎቻቸውን ለመንገድ ሊያስሩ ተቀመጡ። ካሜራው ሥራ ላይ ስለነበር እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በዓይኔ አየሁ። መጀመሪያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አነጠፉ። ትልቁን ማሰሮ ጀርባቸው ላይ በሚያርፍበት በኩል አደረጉ። በሆዱ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ በትንሹ ውስጥ ደግሞ ገለባ። ሸክላ ከሸክላ ጋር ባዶውን አይነካካም፤ መሀሉ ላይ ሁልጊዜ ቅጠል አለ። ቀላል ቀላሉን ወደ ውጭ አደረጉት። በገመድ ጠፍረው ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁትና ጆሮአቸውን አስጠጉ። የሆነ ቦታ ኳ አለ። ሁሉንም ፈቱት። እንደገና አሰሩት። ነቀነቁት። ጸጥ አለ።

ከዚያ ዞር ብለው ጥግ ላይ የቆመውን የኛን ቦርሳ አዩ። በአማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ነበር የሚያስተረጉምልን። ቦርሳውን ብድግ አድርገው ነቀነቁት። ቻርጀሩ ከባትሪው፣ ባትሪው ከመብራቱ ጋር ኳ! ኳ! እያለ ተጋጨ። እናትየው በሳቅ ፈነዱ። የሆነ ነገር አሉ፤ ልጁ አፈር ብሎ «ገበያ ሳይደርስ ይሰበራል ብላለች» አለን። ቀጥለው ዋጋውን ጠየቁ። የቡድናችን ልጅ የካሜራውን ግምት ነገራቸው። አልሳቁም። ቦርሳውን በቀስታ አንሥተው ከእሳቱ ራቅ ወዳለው ግድግዳ ወሰዱት፤ ሥሩም የእንሰት ቅጠል አደረጉለት።

በማግስቱ ንጋት ላይ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ቦርሳው ከተሸካሚው ጋር ነው፤ እሱ ያደረው ከሌላው ቤት፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቆ ነው። የተባባልነው ሰዓት ገና ነበር፤ ማንም አልዘገየም። እናትየው ግን ጭጋጉ ሳለ መነሣት ፈለጉ። ሸክሙ በስተኋላቸው መሬት ላይ ቆሟል። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አሰሩ፣ አንድ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ እጃቸውን መሬት ላይ አደረጉ። ልጃቸው ከኋላ ትንሽ ደገፍ አደረጋቸው። ተነሡ። በዚያች ቅጽበት ከፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፊልሙ በሙሉ ነበር። ጭጋጉ፣ የማሰሮዎቹ ጥቁር ቅርጽ፣ የቀርከሃው አጥር፣ ሁሉም አለ። በእጄ ያለው ግን ማስታወሻ ደብተር ነው።

ቦርሳው ሲደርስ፣ ካሜራው ሲገጣጠም፣ እሳቸው ዳገቱን ጨርሰዋል። ከመሀላችን አንዱ «ተመልሰው እንዲነሡልን እንጠይቃቸው?» አለ። ያንን ሁሉ ሸክላ አውርደው፣ እንደገና ተቀምጠው፣ እንደገና እንዲነሡ? ማንም መልስ አልሰጠውም። እሱም ጥያቄውን አልደገመውም።

ከጨንቻ ስንወርድ አንድ ነገር ደግሞ ሆነ። ጨንቻ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ብርድ ነው፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሞቃትና ርጥበታማ። መንገዱ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ወርደን ወዲያው ቦርሳውን ስንከፍት ሌንሱ እንደ ሻይ ብርጭቆ ላብ ያዘው። ብትወልውሉት ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቦርሳውን እንደተዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ትታችሁ ዕቃው ሙቀቱን ቀስ ብሎ እንዲለምድ ማድረግ። ጥሩ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ለዚህም ይጠቅማል። እኛ ግን ሌላ ከሰዓት በኋላ አቃጠልን።

አዲስ አበባ ስመለስ የካሜራ ቦርሳ መፈለግ ተውኩና የሸክም ቦርሳ መፈለግ ጀመርኩ። ይህ ለኔ አዲስ ነገር ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም፤ በካሜራ ቦርሳ ስሙ የገነነው ሎዌፕሮ ራሱ የወጣው ከተራራ ወጪዎች ነው። ግሬግ ሎው የተባለ አሜሪካዊ ተራራ ወጪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዘንጉ ከውስጥ የሆነ የጀርባ ቦርሳ ሠራ፤ የካሜራው ቦርሳ ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ ነው። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ሁለት ቅዳሜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው አንድ የነተበ አረንጓዴ የተራራ ቦርሳ አገኘሁ፤ የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው፣ የወገብ ቀበቶው ወፍራም፣ ለአጭር ሰው የተሰፋ። ጀርባውን ለካሁት፤ 44 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ ሜትር ይዤ ስዞር አይቶ «ልብስ ሰፊ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት፤ ዋጋ ቀነሰልኝ። (ይቅር ይበለኝ።)

ቀጥሎ ቦርሳ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። እሳቸውም ገልብጠው ስፌቱን አዩና «ምን ልትጭኚበት ነው?» አሉኝ።

«ካሜራ።»

«ይዘሽ ነይ።»

«የትምህርት ቤት ንብረት ነው አባባ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አይወጣም።»

«እንግዲያ የማላየውን ልስፋ?»

እውነታቸውን ነው። ግምጃ ቤት ሄጄ ካሜራውን ከነሌንሱ በሁሉም በኩል ለካሁ። የጫማ ካርቶኖች ቆርጬ፣ በፕላስተር ለጣጥፌ፣ ልክ እሱን የሚያህል ነገር ሠራሁና 3 ኪሎ ከ200 ግራም ጨው ሞላሁበት። የባትሪዎቹንና የቻርጀሩንም እንዲሁ። ያንን የካርቶን ካሜራ ይዤ ለአባባ አስረከብኩ። ሳቁ አላቆመም፤ ግን በትክክል ሰፉበት። ውስጡን በሸራ ከፋፈሉት፤ ከፍራሽ ሠሪዎች የገዛሁትን ጠንካራ ስፖንጅ በሸራው መሀል አስገቡ፤ ካሜራው ሳይፈታ፣ እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ቁመቱን እንዲገባ አደረጉ። ከባዱ ነገር ሁሉ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ትከሻ አጥንት አካባቢ እንዲውል፣ ገመድና ማዳመጫ ወደ ውጭ እንዲወጣ ስነግራቸው «እንደ ሕፃን አዘይው ነው የምትይው» አሉ። ትራይፖዱ በጎን በኩል በሁለት ዘለበት ይታሰራል፤ እግሮቹ የሚገቡባት ትንሽ ኪስም አለች።

የተከራከርነው በዚፑ ላይ ነው። እሳቸው ከፊት ይሁን ይላሉ፤ እንደማንኛውም ቦርሳ። እኔ በጀርባዬ በኩል ይሁን አልኩ። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ ታክሲ ውስጥና አውቶቡስ ተራ ዚፑ ከጀርባዬ ጋር ከተጣበቀ ማንም ሳላውቅ አይከፍተውም። ሁለተኛ፣ ቦርሳውን ለመክፈት ሲጋደም ጭቃ የሚነካው የውጭው ገጽ ነው፤ ጀርባዬ ላይ የሚውለው ንጹሕ ይሆናል። አባባ አሰቡና «የተሰረቀ ሰው ሐሳብ ነው» አሉ። አልተሰረቅኩም፣ ወድቆብኝ ነው እንጂ፤ ግን አላረምኳቸውም። ሰፉልኝ። የትም ቦታ ላይ «ካሜራ» የሚል ጽሑፍ የለበትም፤ ከውጭ ሲያዩት ጎመን የሚይዝ ቦርሳ ነው የሚመስለው።

ለአንድ ሳምንት ጨው የሞላውን ካርቶን አዝዬ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ደረጃ ወጣሁበት፣ ታክሲ ተሳፈርኩበት። በአራተኛው ቀን የደረት ማሰሪያው ከፍ ማለት እንዳለበት አወቅሁና አስተካከልኩት። እናቴ «ምን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?» ብላ ስታየው የራሷን ጨው አወቀችው። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ታወራለች።

ክብደቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በሸራውና በስፖንጁ ምክንያት በግማሽ ኪሎ ጨመረ። ልዩነቱ ግን ዳገት ላይ ይታወቃል። ትከሻዬ አይደነዝዝም፤ እጆቼ ነጻ ናቸው። ከጀርባዬ አውርጄ፣ ዚፑን ከፍቼ፣ ካሜራውን አብርቼ ለመቅረጽ 50 ሰከንድ ይበቃኛል።

የካቲት ላይ የጎደሉንን ምስሎች ልንሞላ ወደ ጨንቻ ተመለስን። አውቶቡስ ተራ ረዳቱ ቦርሳዬን ፖርቶ መጋላ ላይ ሊወረውረው ያዘው። «አይጫንም፣ ጭኔ ላይ ነው የምይዘው» አልኩት። «ወንዶቹ አሉ አይደል?» አለኝ ወደ ጓደኞቼ እያየ። ረጅሙ ጓደኛዬ «የሷ ነው፣ ለማንም አትሰጥም» አለው። ሲስቅ ነበር፤ ግን ቦርሳውን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም።

እናትየው ቤት ስንደርስ ቡና ገና ሳይፈላ ቦርሳውን አዩት። ብድግ አድርገው ነቀነቁት። ጆሮአቸውን አስጠጉ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ነበር የምንመስለው። ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት የዚፕ እጀታ፣ ብረት ከብረት ጋር፣ ቅጭል አለች። «እሷን እሰሪያት» አሉ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያሉት። ክር ከቤታቸው አምጥተው ራሳቸው አሰሩልኝ። ክሩ አሁንም እዚያው አለ።

በገበያው ቀን ንጋት ካሜራው ከኔ ጋር ነበር። እንደ ኅዳሩ ጭጋግ አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው የነጋው። እናትየው ተቀመጡ፣ ገመዱን አሰሩ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ። ቀረጽኩ። ምስሉ ባለፈው በዓይኔ ያየሁትን ያህል አያምርም፤ ይህን ፊልሙን ያያችሁ መምህራንም ነግራችሁኛል። ዳገቱን ግን ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ እስከ ገበያው ድረስ ቀረጽኩ። እሳቸው አንዴ አረፉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ዞር ብለው ቆመው ጠበቁኝ፤ ያ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል።

ቦርሳው ጉድለት የለውም አልልም። የዝናብ ልብስ የለውም፤ ለጊዜው የማዳበሪያ ከረጢት ነው የምደርብበት። ሸራው ርጥበት ከያዘ ቶሎ አይደርቅም፤ በክረምት ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ትልልቁን ባትሪ የሚጠቀም ሰውም ኪሱ ይጠበዋል።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ነኝ። ባለፈው ወር ዕቃ ስዋስ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ «ቦርሳ» በሚለው መስመር ላይ «የራሷ» ብለው ጻፉ። ስጨርስ እዚያው ትቼላቸው እንድሄድ ለምነውኝ እሺ ብያለሁ፤ መዋስ የምትፈልጉ እሳቸውን ጠይቁ። ቀበቶው ለአጭር ሰው ነው። ረጅም ከሆናችሁ ከላይ ያሉትን ሁለት ስፌቶች ፍቱት፤ ስትመልሱ ግን ሰፍታችሁ መልሱ።